ኦስሎ ላይ «እኔን!» ማለት

ኦስሎ የሚኖረውን ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ፣ በመጀመሪያው እሁድ ከከተማው በላይ ወዳለው በረዷማ ኮረብታ ይዞኝ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ከቁመቱ የሚረዝም የበረዶ መንሸራተቻ ተሸክሞ ባቡር ይሳፈራል። ገና እንደደረስን አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ተንሸራተው ዘጭ አሉ።

«እኔን!» ብዬ ጮኽኩ።

«እትዬ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ» አለኝ ወንድሜ። «እዚህ አገር ሰው ሲወድቅ ዝም ነው የሚባለው። ራሱ ይነሳል።»

እሱም እኔም ያደግነው ኢዲዶ በምትባል የቡና ገጠር ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ዝናብ ከጣለ የቁልቁለቱ ጭቃ ማንንም አይምርም። አንዲት ሴት እሸት ቡና እንደተሸከመች ስትወድቅ፣ ማዶ ያለው ሰው እንኳ ማን መሆኗን ሳይለይ «እኔን!» ይላል። እሷም የምትነሳው ራሷ ናት። ግን ብቻዋን አልወደቀችም።

ስለዚህ አላቆምኩም። ሕፃን ወደቀ፣ እኔን! ጎረምሳ ወደቀ፣ እኔን! ሰዉ እየዞረ ያየኛል፤ ይየኝ! ወንድሜ የማያውቀኝ ለመምሰል ራቅ ብሎ ቆመ። ቆይቶ ደግሞ በረዶ ላይ መንሸራተቱን ሊያሳየኝ ቁልቁል ሲወርድ ሚዛኑን ሳተና በጀርባው ተዘረረ።

ከንፈሬን ገጥሜ ቆምኩ።

በረዶው ላይ እንደተጋደመ ቀና ብሎ አየኝ። ጠበቀ።

«ለማያውቁሽ ሁሉ ስትጮኺ ውለሽ፣» አለኝ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ለእኔ ሲሆን ምነው?»

«ራሱ ይነሳል አላልክም?» አልኩት።