ደረቅ አሸዋ ሰላም አይደለም

አስተማሪው ስሜን ከማትሪክ ተፈታኞች ዝርዝር የሰረዘው አንድ የእንግሊዝኛ ግጥም ከእሱ ይልቅ ስለገባኝ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ቢኖረው ኖሮ ይነግረኝ ነበር፤ ክፉ ለመናገር ሰንፎ አያውቅም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ድሬ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ኩሊ ነበርኩ፤ የምሸከመው ጆንያ ላይ የተጻፈውን ሌላ ሰው እያነበበልኝ መኖር አንገበገበኝ። ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ከሥራ መልስ ተምሬ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ። ማትሪክ ካለፍኩ ጸሐፊ ሊያደርገኝ አለቃዬ ቃል ገብቶልኛል። ካላለፍኩ ጆንያው አለ።

አስተማሪው በመስከረም ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በድሬ ሙቀት ከረባቱን የማይፈታ ልጅ ነበር። በዘጠኝ ዓመት እበልጠዋለሁ። እኛ ድሬዎች ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» ነው የምንለው፤ ንቀት የለበትም። እሱ ግን «እርስዎ በል!» እያለ እኔን «አንተ ኩሊ» ይለኛል።

ለፈተናው ጥቂት ሳምንት ሲቀር ክለሳ ጀመርን። ተለዋጭ ዘይቤ፣ ተምሳሌት፣ ምፀት፣ ንግር፣ ጭብጥ፤ ሁሉንም ደብተራችን ላይ አስጽፎ ቁርዓን እንደሚቀራ ልጅ በቃላችን አስባለን። ቀጥሎ አንድ አጭር ግጥም ሰጥቶ ፈተነን። ከአምስት በታች ያገኘ ለማትሪክ አይቀርብም።

በግጥሙ አንድ መንገደኛ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር፣ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛል። ግጥሙ እዚያው ያልቃል። ጥያቄው «የግጥሙ ድባብ ምንድን ነው? በምን አወቅህ?» የሚል ነው። ሌሎቹ ሁሉ «ሰላም» ብለው ጻፉ፤ ደረቅ አሸዋ የዕረፍት ተምሳሌት ነው ብሎ አስጽፎን ነበርና።

እኔ የምኖረው ድሬን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ ዳር ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው በጠራራ ፀሐይ ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ግመል ከነጭነቱ ሲወስድ አይቻለሁ። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፤ ድባቡ ፍርሃት ነው፤ ጥርት ያለው ሰማይ ንግር ነው፣ የሚመጣውን ጎርፍ ይጠቁማል፤ ሰውየው የተኛው ሞቱ ላይ ነው።

ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየው።

«ይኼ ኩሊ ሰው ገደለልን!»

ክፍሉ ሳቀ።

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ደቻቱ።»

«ወንዙ እኮ እንግሊዝ አገር ነው፣ ደንቆሮ!»

«አቦ፣ አሸዋ አሸዋ ነው። አንተ ውሃ ሲመጣ አላየህም።»

«አንተ» ማለቴ ይሁን እውነቱን መናገሬ፣ የትኛው ይበልጥ እንደቆጠቆጠው አላውቅም። ዜሮ ሰጠኝ፤ ስሜንም በቀይ ሰረዘ። ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። «አስተማሪው ያለው ነው» ብሎ መለሰኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ክፍል እንደ ምድጃ ጋለ። አስተማሪው ወንበሩን አሸክሞ ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ድልድዩ ጥላ ሥር አወረደን። እኔም ሄድኩ፤ ስሜን እንጂ እግሬን አልሰረዘውም። ተማሪዎቹ ደንገጎ በኩል ጠቁሯል ብለው ሲያጉረመርሙ ሽቅብ አይቶ «እዚህ ጥርት ያለ ነው» አለ።

ስለ ጭብጥ እያብራራ ሳለ ከዳር አንዲት የግመል ወተት ሻጭ «ቢሻን! ቢሻን!» ብላ ጮኸች፤ በኦሮምኛ ውሃ ማለቷ ነው። ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ ሮጠ።

«ማንም ሳይፈቀድለት አይነሳም!»

ብቻውን ቀረ። የውሃው ጉርምርምታ ቀርቧል። ተመልሼ ከረባቱን ጨብጬ እንደ ፍየል ጎትቼ ዳር አወጣሁት። ወንበሩ፣ አንድ እግር ጫማው፣ የማርክ መዝገቡና ዝርዝሩ ከውሃው ጋር ሄዱ። ቆሞ አፉን ከፈተ፤ ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«ከረባቴን ቀደድከው» አለኝ።

ወተት ሻጯ ሰማችው። «አቦ፣ መልሰህ ወርውረው!» አለችኝ።

መዝገቡ ስለጠፋ ዳይሬክተሩ ፈተናው በራሱ ፊት እንዲደገም አዘዘ። ያው ግጥም፣ ያው ጥያቄ። እኔም አንድ ቃል ሳልለውጥ ያንኑ መልስ ጻፍኩ። አስተማሪው ወረቀቴን ለማረም አነሳ። ዳይሬክተሩ የአስተማሪውን እግር ያይ ነበር፤ አዲስ ጫማ እስኪገዛ በሸበጥ ነበር የሚመጣው። ከዐሥር ስድስት ሰጠኝ። «ሰላም» ብለው የጻፉት፣ ውሃው ሲመጣ ከእኔ ቀድመው የሮጡት፣ ስምንት ስምንት አገኙ።

ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ አልጠበቅሁትም። የሚቆጨኝ ከረባቱን ቶሎ መያዜ ነው። ትንሽ ውሃ ቢቀምስ ኖሮ ዐሥሩንም ይሰጠኝ ነበር። ለማትሪክ ለመቅረብ ግን ስድስት ይበቃል። ስሜን አዲሱ ዝርዝር ላይ በገዛ እጁ ጽፎ የፈረመው ሐሙስ፣ ግንቦት 3 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው።