ወደ ጅቡቲ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ልጄ ጅቡቲ ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች፤ ኋላ ባሕር መጥለቅ የሚወዱ እንግዶችን የሚያመላልስ ጀልባ ላይ ተቀጠረች፤ እዚያው ሆና ራሷም ጠላቂ ሆነች። ባሕር በሌለበት ሐብሩ ተወልዶ ባሕር ጠላቂ። እዚህ መርሳ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ «ጀልባ ላይ ናት» ብዬ እገላገላለሁ።

ያናደደኝ መጥለቋ አይደለም፤ ትምህርቱ ነው። ጥልቁ ውስጥ እንግዳ ለመምራት ከፍ ያለ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። የጀልባው ባለቤት «እስከ መስከረም ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካላመጣሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። እሷ ግን ትምህርቱን እየቆራረሰች ነው የምትማረው። ግንቦት ላይ አንዱን ክፍል ጨረሰች፤ ሰኔ ላይ ቆመች።

«ምነው ቆምሽ?» አልኋት በስልክ።

«አባባ፣ እንዲህም ይቻላል። ሁለቱን ክፍል አንድ ላይ መማር ይቻላል፤ አንዱን ጨርሶ፣ በሱ እየጠለቁ ቆይቶ ሌላውን መቀጠልም ይቻላል።»

ይቻላል፣ ይቻላል። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም በግድ። ቢሆንም ሀ ሁ ያለ ሰው ለ ሉ ይላል እንጂ «የቀረውን ለከርሞ ያቆዩልኝ» አይልም።

ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ። በኛ አገር ሚስት ብትኮርፍ ሽማግሌ ነው፤ ድንበር ቢገፋ ሽማግሌ ነው። አስተማሪዋ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛ የሚሰማ ሰው ነው። ሽማግሌ ከለመነው የቀረውን ያሳልፋታል ብዬ ቆረጥሁ። ልጄን «ላመስግነው» ብዬ ቁጥሩን ተቀበልኋት።

ቄሱንና ሼኩን ቤቴ ጠርቼ፣ ስልኩን የውኃ ጆግ ላይ አስደግፌ፣ መልክ በሚያሳየው ደወልሁ። ሁለቱም እንደ ደንቡ ቆሙ።

«አባቶቼ፣ እባካችሁ ተቀመጡ» አለ አስተማሪው። «ጋቢያችሁን ብቻ ነው የማየው።»

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ ሼኩ።

ቄሱ ቀጠሉ። «ልጃችን ጥፋት ካለባት ይቅር በላት። ወረቀቷን ስጣትና መርቀንህ እንሂድ።»

አስተማሪው መለሰ። «ምንም አላጠፋችም፣ አባቴ። ከጥልቅ ሲወጣ እየቆሙ ነው የሚወጣው። አንድ ቦታ ላይ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከፍ ይባልና እንደገና ይጠበቃል። ቸኩሎ የወጣ ሽባ ይሆናል፣ ይሞታልም። ሲወጡ ደግሞ የሚተነፍሱበትን የአየር ሲሊንደር መቀየር አለ። ባንዱ ውስጥ ያለውን አየር ከታች ቢተነፍሱት ይገድላል፤ ከላይ ሲሆን ያድናል። እሷ ቅያሪው ላይ እጇ ገና አልረጋም። ‹ቆይቼ ልለማመድ› ያለችኝም ራሷ ናት።»

«ታዲያ ስንት ወር ይፈጅባታል?» አልሁ ከኋላ። ሽማግሌ የላከ ሰው አፉን መክፈት የለበትም፤ እኔ ግን ከፈትሁ። ቄሱ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

«እጇ እስኪረጋ» አለ።

ሼኩ ዞር ብለው አዩኝና ቁጭ አሉ። ቄሱም ቁጭ አሉ። እኔ ብቻዬን ተገትሬ ቀረሁ።

«ልጅቱ ልክ ናት» አሉ ሼኩ።

«የላክኋችሁ እሱን እንድትለምኑልኝ ነው።»

«ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። ሰማን። ጥፋቱ ያንተ ነው።»

በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ስልኬ ተፈረደብኝ። ራሷ እስክታነሳው ድረስ ስለ ትምህርቱም ስለ ወረቀቱም ትንፍሽ እንዳልል አስተማሪው እየሰማ አስማሉኝ። እሱም ሳቁን እንዳላይበት አፉን በእጁ ይዟል።

ክረምቱን ሙሉ ስትደውል ስለ ጅቡቲ ሙቀት አወራን። ሙቀት ምን ይወራለታል? ይሞቃል፣ አለቀ።

መስከረም ገባ። «አባባ፣ ባለቤቱ ቦታውን ለሌላ ሰጠው» አለችኝ። ራሷ አነሳችው፤ ከመሐላዬ ተፈታሁ። ሦስት ወር ያጠራቀምሁት ነገር አፌ ላይ ነበር።

«እኔ ጥቅምት ላይ ሁለተኛውን ክፍል እጀምራለሁ» አለች። «አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እቀይረዋለሁ።»

«ደግ» ብዬ ዘጋሁት። ያልተናገርሁት እስካሁን ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ገበያ መንገድ ላይ ሼኩን አግኝቼ ቦታው እንዳመለጣት ነገርኋቸው። ይኸው የናንተ ፍርድ ልል ነበር።

«ልጅቱስ?» አሉኝ።

«ደኅና አለች።»

«ታዲያ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።