የቆላሁት አፈር

ሕይወት እንዳለው እያወቅሁ ያን አፈር ለምን ቆላሁት? 

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነውና መጽሐፍ ያለውን አጥብቄ እይዛለሁ። ከአሮጌ ዛፍ ሥር ያለ አፈር ሰብል ድርቅ እንዲችል የሚረዳ ፈንገስ እንዳለው አነበብኩ። ዳባት ያሉት አጎቴ ከባቄላ ዘራቸው ጋር እንዲበትኑት ከወይራ ሥር ቆፍሬ ወሰድኩላቸው። ብቻ ትል እንዳይኖረው ብዬ አስቀድሜ በብረት ምጣድ ቆላሁት፤ ፈንገሱም አብሮ አለቀ።

ዝናቡ ሲቋረጥ ባቄላው ጠወለገ። አጎቴ በእኔ አልፈረዱም።

«ትምህርትሽስ ደህና ነው፤ የተረገመው መሬቴ ነው» አሉና ማሳውን ጦም አሳደሩት። እኔም አፈሩን መቁላቴን ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

በሁለተኛው ዓመት ደባርቅ ገበያ አገኘኋቸው። በሬዎቻቸውን ሸጠው ገመዱን ጠቅልለው ይዘዋል። ያን ጊዜ ነገርኳቸው።

«አፈር ቆላሁ ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ አጎቴ።»

«ጨውስ ነሰነስሽበት?» አሉ። ከዚያ ገመዱን አዩት፤ አልሳቁም።