ከአዲስ አድራሻ የገባው ሰው

ወልድያ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ ኪሮስ መጀመሪያ ያስጨበጡኝ ዕቃ የቀለም ብሩሽ ነው። አንድ ኮምፒውተር ፈተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። «ከወፍጮ ቤት የመጣ ነው። አቧራውን ሳታራግፍ ይሄ ሆነ ያ ሆነ እንዳትለኝ» አሉ። አራግፌ ስጨርስ ማሽኑ ያለ ምንም ጥገና ተነሣ። ሳቁብኝ።

ጋሽ ኪሮስ ወላጆቻቸው ከትግራይ የመጡ፣ ቆቦ ተወልደው ወልድያ ያረጁ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ፎቶ ያነሣል። ፎቶ አንሺዋ ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ነበሩ። እኔ የመርሳ ልጅ ነኝ። ጠዋት በሚኒባስ እየሄድኩ ማታ እየተመለስኩ አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ስጀምር አቧራ አራጋፊ ነበርኩ፤ በኋላ ጠጋኝ ሆንኩ።

በሦስተኛው ዓመት የሱቁ ሀርድ ዲስክ ተቃጠለ። የስንት ሰው ሠርግ አብሮ ጠፋ። አንዲት እናት የሞተ ልጃቸውን ፎቶ ሊያሳጥቡ መጥተው ባዶ እጃቸውን ሄዱ። የዚያን ቀን ጋሽ ኪሮስ፣ «ቅጂው ሌላ ከተማ መቀመጥ አለበት» አሉ። አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭነን መርሳ፣ እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ አኖርነው። የሱቁ ፎቶ በየቀኑ በኢንተርኔት ይላክለታል። መግባት የምንችለው ሁለታችን ብቻ ነን፤ በየስማችን፣ በየፓስወርዳችን።

ማሽኑ ላይ የጥበቃ ፕሮግራም ጫንኩበት። የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ጠዋት ከፍቼ አነበብኩ። ስማቸውን ብቻ ከማውቃቸው አገሮች በመቶ የሚቆጠር የመግባት ሙከራ ተደርጓል። ቁርስ ሳልቀምስ ወልድያ ገባሁ። ጋሽ ኪሮስ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ።

«እንድሪስ፣ ይሄ ሰው አይደለም። ያገኘውን በር ሁሉ እየነካ የሚያልፍ ፕሮግራም ነው። አልተከፈተለትም፤ አልፏል። ምን አስሮጠህ?»

ቀስ በቀስ ማንበብ ተማርኩ። «የሲስተም ፋይል ተለውጧል» የሚለው ማስጠንቀቂያ አንድ ሳምንት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፤ ለካ እኔው ራሴ ባደረግሁት አፕዴት ነው የተለወጠው። ፓስወርድ አምስት ጊዜ የሳተ የኢንተርኔት አድራሻ በራሱ እንዲታገድ አደረግሁ። ከአዲስ አድራሻ የገባ ካለ ደግሞ ማሽኑ ወዲያው እንዲነግረኝ አዘዝኩት።

ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ደንበኛ ሳሳ። ጋሽ ኪሮስን ሰላም ማለት ያቆሙ ነበሩ። አንድ የማውቀው ሾፌር ሻይ ቤት አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ከሰውየው ጋር ብዙ አትታይ። የማንን መረጃ ለማን እንደሚያቀብል በምን ታውቃለህ?» አለኝ። ሻዬን ጠጥቼ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ለተብርሃን ታመሙ። ጋሽ ኪሮስ ቁልፉን ለኔ ትተው ሊያሳክሟቸው አዲስ አበባ ይዘዋቸው ሄዱ። ክረምቱ ሲገባ ጦርነቱ ወደ ቆቦ ተጠጋ።

አንድ ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ኢሜይል መጣ። «ተጠቃሚ ኪሮስ ከአዲስ አድራሻ ገብቷል» ይላል። የተሰጡትን ትእዛዞች ዝርዝር ከፍቼ አየሁ። የፎቶ ማኅደሮቹን አንድ በአንድ ያስሳል። እዚያ ውስጥ የመታወቂያ ፎቶዎች አሉ፤ የከተማው ግማሽ ጎረምሳ ፊት። ያ የሾፌሩ ንግግር ጆሮዬ ላይ መጣ።

አካውንቱን ዘጋሁት።

ጥቂት ቆይቶ ማስጠንቀቂያው ተከታተለ። በኪሮስ ስም አልተሳካም፣ አልተሳካም፣ አልተሳካም። አምስተኛው ላይ አድራሻው በራሱ ታገደ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ኪሮስ ናቸው። ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ደግመው ደወሉ። ነገ እደውላለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በማግስቱም አልደወልኩም።

ብዙም ሳይቆይ የከባድ መሣሪያ ድምፅ መርሳ ድረስ ተሰማ። ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ እስከ ውርጌሳ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሸሸን። ማሽኑን እንደተሰካ ትቼው ወጣሁ። ኋላ ኔትወርክም ጠፋ።

ስንመለስ የቤቴ በር ተገንጥሏል። መደርደሪያው ላይ የቀረ ኬብሉ ብቻ ነው። ወልድያ ሄጄ ሱቁን አየሁ፤ እሱም ባዶ ነው።

ስልክ ሲሠራ ደወልኩ። ጋሽ ኪሮስ ሌላ ነገር ሳይሉ፣ «እንድሪስ! ልጆቹ ተረፉ?» አሉኝ።

«ተርፈዋል፣ አልሀምዱሊላህ። እትዬ ለተብርሃንስ?»

«አረፈች። ያን ለት ስደውልልህ፣ ጠዋቱን ነበር ያረፈችው። ለቀብሯ የሚሆን ፎቶ ፈልጌ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታነሣ ኖራ ደህና ፎቷ አንድ ብቻ ነበር፤ አንተ ሱቁ በር ላይ ያነሣሃት። የት እንዳለ ስላላወቅሁ ማኅደሩን ሁሉ ስበረብር፣ ዘጋብኝ።»

ላለመናገርም ይቻለኝ ነበር።

«ጋሽ ኪሮስ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስልኩንም እያየሁ ነው ያላነሣሁት። ማስጠንቀቂያ መጥቶልኝ... ፈራሁዎት።»

መኪና ሲያልፍ በስልኩ ይሰማኛል።

«ማስጠንቀቂያው ምን ይላል?»

«ኪሮስ ከአዲስ አድራሻ ገብቷል።»

«እውነቱን ነው። እኔ ነበርኩ፤ ቦታውም አዲስ ነው። ማሽኑ አልዋሸህም።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እግዜር ይቅር ይበልህ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ» አሉ። ቀጥለው፣ «የመታወቂያዋን ፎቶ አሰፋነው። ሲሰፋ ፊቷ አልለይ አለ» አሉኝ። ያንን ያሉት እኔን ለመውቀስ አይመስለኝም። የሆነውን ነው የነገሩኝ።

ወልድያ አልተመለሱም። በበዓል እደውላለሁ፤ ያነሣሉ። የእትዬ ለተብርሃንን ፎቶ ያሳጠበ ሰው ካለ ብዬ መርሳም ወልድያም ግራናም ጠየቅሁ። አላገኘሁም።

አሁንም የምሠራው ይኸንኑ ሥራ ነው። ሙያውን ለምትጀምሩት የምለው ይህን ነው። ማስጠንቀቂያ ማን እንደገባና ከየት እንደገባ ይነግራችኋል። ለምን እንደገባ አይነግራችሁም። እሱን ለማወቅ ለሰውየው ደውሉ፤ ቢደውልም አንሡ።