የወንድሙ ድምፅ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ደረጃ ላይ ፈጣን እርምጃ ስሰማ እጄ ወደ ግንባሬ ይሄዳል።

ያኔ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ከሱቆች በላይ ባለች ክፍል፣ የአንድ የግል አምቡላንስ ድርጅት ሰርቨሮችን እከታተል ነበር። ጥሪዎችን የሚቀበለውና የሚቀዳው ሲስተም የሚሠራው አንድ አሮጌ ሰርቨር ላይ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ሰርቨሩ ሊሞት እንደሆነ ታወቀኝ። ሲስተሙን ሳላቆም፣ እየሠራ እንዳለ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ባለው ቢሯችን ወደሚገኘው አዲስ ሰርቨር ማዛወር ጀመርኩ። ደዋዩም ስልክ ተቀባዩም አያውቁትም። ዝውውሩ ሳያልቅ አሮጌው ከሞተ ግን የተቀዳው ሁሉ ገደል ገባ።

ባልደረባዬ ሜሮን ከቴዎድሮስ አደባባይ በስልክ "ስንት ደረሰ?" አለችኝ።

"ሊያልቅ ነው። ሲያልቅ እዚህ ያለው ይጠፋል።"

"ምኑ ነው የሚጠፋው?" አለ ከኋላዬ የወንድ ድምፅ።

አወቅኩት። ከሳምንት በፊት መጥቶ "ወንድሜ አምቡላንስ ሲጠብቅ ሞተ፤ የደወለበትን ቅጂ አሰሙኝ" ብሎ ሲለምን ሥራ አስኪያጁ አስወጥቶት ነበር። አሁን ፌሮ ብረት ይዟል።

"ገደላችሁት፤ አሁን ድምፁን ልታጠፉት?"

"አይደለም፣ እያዛወርኩት..." ሳልጨርስ ስክሪኑ ተበተነ።

ጥበቃችን ጋሽ ሰይድ እየሮጡ ገቡ። "ልጄ ተው፣ በአላህ ይዤሃለሁ!" ብለው አቀፉት። ገፍትሮ በብረቱ ክንዳቸውን መታቸው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

ሰርቨሩ ፊት ቆምኩ። "ድምፁ እዚህ ውስጥ ነው! አንተው ልታጠፋው ነው!" ብዬ ጮህኩ። ብረቱ ግንባሬ ላይ አረፈ። ወድቄ፣ ደም በሞላው ዓይኔ፣ ሰርቨሩ እስኪጨስ ሲቀጠቅጠው አየሁ።

ከታች ባለሱቆቹ ደርሰው ጣሉት። ከዚያ የእነሱ ተራ ሆነ፤ በእርግጫ፣ በራሱ ብረት። ጋሽ ሰይድ የተሰበረ ክንዳቸውን ደግፈው "በቃ! ልትገድሉት ነው?" እያሉ ላዩ ላይ ባይወድቁ ኖሮ አልቆለት ነበር።

ወለሉ ላይ ከወደቀው ስልኬ ሜሮን ትጮሃለች። "ምን ሆናችሁ? ቅጂው ሁሉ እዚህ ገብቷል እኮ! ዝውውሩ አልቋል!"

ግንባሬ በተሰፋ ማግሥት ሥራ አስኪያጁ "ቅጂው ከሰርቨሩ ጋር ጠፋ በይ" አለኝ። መጀመሪያ ከፍቼ ሰማሁት። ሟቹ እያቃሰተ እሪ በከንቱ ሰፈር መሆኑን ይናገራል። ተቀባዩ "ይጠብቁ" ይለዋል። ማንም ወደ ስልኩ አልተመለሰም። ትንፋሹ እስኪቆም ድረስ አዳመጥኩት።

ቅጂውን ለፖሊስ ሰጠሁ። ሥራዬንም በዚያው አጣሁ።

ሰውየው እኛን በመደብደቡ ተፈረደበት። ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ በካቴና ታስሮ አገኘሁት።

"ሰማሽው?" አለኝ።

"ሰምቻለሁ።"

"መጨረሻ ላይ ምን አለ?"

"ስምህን ጠራ" አልኩት።

ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ፖሊሱም ትንሽ ታገሠው።

ሰውየውን ይቅር አልኩት ብል እዋሻለሁ፤ እስካሁን እፈራዋለሁ። የሚያሳፍረኝ ግን የራሴ ነገር ነው። መጀመሪያ በባዶ እጁ መጥቶ ሲለምን እዚያው ክፍል ነበርኩ። ቅጂውን ማሰማት እችል ነበር። አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።