በሁዳዴ የገደፉ ጫጩቶች

አማቴ ከዱርቤቴ ባሕር ዳር እኛ ዘንድ የገቡ ሰሞን ሥራ መፍታት ሊገድላቸው ነበር። ባሌ አንድ ካርቶን ጫጩት ቢያመጣላቸው ነፍስ ዘሩ። ምን ያደርጋል፣ ጫጩቶቹን ተቅማጥ ያዛቸው። በየማለዳው የሞተውን ጓሮ ሲቀብሩ አያለሁ።

“እነዚህ ካለቁማ እዚህ ምን እሠራለሁ? አገሬ እገባለሁ” አሉ። የምራቸውን ነው። እኔ ደግሞ አማቷን የምትሸኝ ምራት አይደለሁም፤ ወድጃቸዋለሁ። ቤታችን ሰው ሰው የሸተተው እሳቸው ከመጡ ወዲህ ነው።

ለጫጩቶቹ መድኃኒት ሰጠናቸው። ዳኑ ስንል መልሰው ወደቁ። ተናድጄ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄድሁ።

“መድኃኒቱ ክፉውን ተህዋስ ሲገድል ደጉንም ጨረሰው” አለኝ። “አንጀታቸው ባዶ ቤት ሆነ፤ ክፉው ተመልሶ ገባበት። አሁን ደጉን ቀድማችሁ አስገቡ።” ለዶሮ የተዘጋጀው የደጉ ባክቴሪያ ዱቄት እስኪመጣለት ድረስ፣ እርጎ በጥቂቱ ከመኖ ጋር እንድንሰጥ ነገረኝ።

እርጎ! በሁዳዴ! አማቴ አማተቡ።

“የጾም ዕቃዬን እንዳታስነኪብኝ!”

“እማማ፣ ጫጩት መቼ ክርስትና ተነሣና ይጾማል?” ብላቸው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። እርጎውን ግን ከደጅ አላሳልፍ አሉ።

ጎረቤታችን ባለ ሱቅ ሙስሊም ናት። ነገሩን ብትሰማ “ኧረ ለኔ ተዉት!” አለች። በየጠዋቱ እርጎውን በራሷ ሳህን ይዛ በጓሮ በር እየገባች ታበላልን ጀመር። ሞቱም ጋብ አለ።

አንድ ቀን ዕቃ ልታመጣ ወረታ ሄደች። እኔ ይህን ያስታወስሁት ቢሮ ከገባሁ በኋላ ነው። አስፈቅጄ ወደ ቤት በረርሁ። ጓሮ ስደርስ አማቴ ጎረቤታችን ትታው የሄደችው የእርጎ ሳህን አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል፤ እጃቸው እስከ አንጓው በእርጎ ነጥቷል፤ ከሁሉም የደከመችው ጫጩት ከመዳፋቸው ትለቅማለች።

“ምን ያፈዝሻል? የምጾመው እኔ ነኝ። እጅ እንደሆነ ይታጠባል” አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

በኋላ ዱቄቱም መጣ። የተረፉት አድገው ዛሬ እንቁላል ይጥላሉ።

ትናንት ዱርቤቴ ያለችው ልጃቸው ደውላ “እናቴ፣ መቼ ይመጣሉ?” አለቻቸው።

“ዶሮዎቼን ለማን ጥዬ?” አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ፣ “ይችንስ ለማን ጥዬ?” አሉ።