ስም የማይጠራበት ነጭ ድንጋይ

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሚዛን ተፈሪ

መናኸሪያው ገና ጭጋግ ውስጥ ነው። ብርቱካንና እኔ የሸኮ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀምጠናል። እግራችን ስር ጥቅል ገመድ፣ ጭናችን ላይ ዳቦ አለ።

ረዳቱ ገመዱን አየና «ላም ልትገዙ ነው?» አለን።

«ተራራ ልናስር ነው» አለችው ብርቱካን። ሳቀና በሩን ዘጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሸኮ ወዲያ ጫካውን ሰንጥቆ የቆመ አንድ ነጭ የተራራ ጫፍ አለ። የአካባቢው ሰው «ነጩ ድንጋይ» ይለዋል። የጂኦግራፊ መምህሩ ጓደኛችን ደረጀ ከእሱ የወደቀ ስባሪ አግኝቶ ሎሚ ጨመቀበት፤ አረፋ ደፈቀ። «የኖራ ድንጋይ ነው!» ብሎ ፈረደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰባታችን ስለ ሌላ ነገር አናወራም። ብርቱካን ነርስ ናት፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የቀሩት መምህራን ናቸው። ጥር ላይ፣ ዝናቡ ሲያርፍ እንውጣው ተባብለናል። ወደ ላይ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቁት ግን አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ማር ቆራጩ አባባ ማርቆስ። በስልክ «ኑና ልያችሁ» ብለውናል። እሺ ካላሉ ጉዞው የለም። እሺታቸውን ይዤ እንድመለስ የተላክሁት እኔ ነኝ።

3 ሰዓት፣ ሸኮ

በመንገዱ ዳር ዳር ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ሻይና ፓስቲ በላን። ከዚህ ወዲያ መኪና የለም፤ ሞተር ነው።

ባለሞተሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ማዘር፣ እርስዎን ላስቀድም ወይስ ገመዱን?» አለ።

«ሁለታችንንም ባንዴ።»

«ጎማዬ ይጸልይ እንግዲህ!»

ብርቱካን በሌላ ሞተር ተከተለችን። ጭቃው ሁለት ጊዜ አወረደን። ሁለቱንም ጊዜ ገመዱ እኔ ላይ ወደቀ።

8 ሰዓት፣ አባባ ማርቆስ ቤት

ልጃቸው ማርታ ትኩስ የጎደሬ ቅቅል ከዳጣ ጋር አቀረበችልን። አባባ ማርቆስ ሰባ የሚሆናቸው ደቃቃ ሰው ናቸው፤ በቦት ጫማቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ደብተሬን ገልጬ እቅዱን አነበብኩላቸው። ነጩ ድንጋይ ውኃ አይቋጥርምና እያንዳንዱ አምስት አምስት ሊትር ይሸከማል። ድንጋዩ እንደ ምላጭ ነውና ስስ ጫማ አይገባም። ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር በየመቶ እርምጃው የሰባታችን ስም ይጠራል።

ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ስሙን የሚጠራው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ድምፄ ትልቅ ነው።»

ጎደሬያቸውን አስቀመጡ። «ነገ ጠዋት ቀፎ እሰቅላለሁ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

አርብ፣ 1 ሰዓት ተኩል፣ ጫካው

ዛፉ ጫፉ አይታይም። ከግንድ የተፈለፈለው ቀፎ በቅጠል ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። አባባ ማርቆስ ወፍራም ሐረግ በወገባቸውና በግንዱ ዙሪያ አዙረው መውጣት ጀመሩ፤ ላይ ሲደርሱ ቀፎውን ይስቡታል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቆዩ። አሁንም ቆዩ። ደከማቸው ብዬ ፈራሁ።

«አባባ ማርቆስ! ደህና ነዎት?»

ማርታ ተወርውራ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ።

ሽማግሌው አልዞሩም። ግንዱን አቅፈው እንደ ቅርፊት ተለጠፉ። ከዚያ ቀስ፣ በጣም ቀስ ብለው ወረዱ። «ዛሬ አይሰቀልም» አሉና ቀፎውን ትተው ወደ ወንዙ ሄዱ።

«እትዬ ዘነበች፣ በእኛ ቤት፣ ከፍታ ላይ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም» አለችኝ ማርታ።

«ለምን?»

«እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

ብርቱካን «የጥርን ጉዞ ቀበርሽው» አለችኝ። ሳቅ አልነበረባትም።

4 ሰዓት

ልብስ ሰፊ ተሳስቶ የሰፋውን ይተረትራል። ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስም የሚጠራበትን መስመር ሰረዝኩት። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ቁጥር ጻፍኩ። የፊተኛው ያፏጫል፤ የቀሩት በተራቸው ያፏጫሉ፤ ሰባት ፉጨት ከተሰማ ሙሉ ነን። ወንዝ ዳር ሄጄ አሳየኋቸው።

አባባ ማርቆስ ደብተሩን አይተው መለሱልኝ። «ማፏጨት ትችያለሽ?»

ሞከርኩ። ምራቅ ብቻ ወጣኝ። ማርታ ፊቷን አዙራ ሳቋን አፈነች።

«ላጨብጭብ?»

«በእጅሽማ ድንጋዩን ነው የምትይዢው!»

ቸገረኝና ምላሴን ከላንቃዬ አላቅቄ ቋ አደረግኩት።

«እሱ ይሰማል» አሉ። ተነሡ። «ጫማሽን አጥብቂ።»

7 ሰዓት፣ ከነጩ ድንጋይ ስር

ጫካው ድንገት ያልቅና ነጩ ድንጋይ ይጀምራል። የተቦረቦረ፣ የሾለ፣ ደረቅ ነው። ትናንት የዘነበው ዝናብ በስንጥቁ ሰርጎ አንድ ጠብታ አልቀረም። በመጀመሪያው ግድግዳ ወገብ ላይ ስፋቱ ሁለት ጫማ የማይሞላ ጠርዝ አለ። አባባ ማርቆስ ቀደሙ፣ እኔ ተከተልኩ፣ ብርቱካን ከኋላዬ።

ጠርዙ መሀል ደረስኩ። መዳፌ ድንጋዩ ላይ ተቆርጦ ይደማል። ወደ ታች አላየሁም፤ ቆምኩ።

ብርቱካን የአሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ናት። ጨው ብታጣ ዘነቡ፣ ልጇ ቢወድቅ ዘነቡ ብላ ነው የምትጮኸው። አፏን ስትከፍት ሰማኋት። ትንፋሿ ቆመ። ከዚያ፣

ቋ።

ሳልዞር ቋ አልኩ። ከፊት ለፊትም ቋ ተባለ። ሦስታችንም አለን። እግሬን አነሳሁ።

ጠርዙ አልቆ ሰፋ ያለ ቦታ ስንደርስ አባባ ማርቆስ ተቀምጠው የተሻገርነውን ጠርዝ ያያሉ።

«ወንድሜ እዚያ ጋ ነበር። ማር ተሸክሞ ሲመለስ ስሙን ሰማና ዞረ።»

«ማነው የጠራው?» አለች ብርቱካን።

«እኔ። ምሳ ደርሷል ልለው።»

ብርቱካን መዳፌን አጥባ በሻሽ ጠቀለለችልኝ።

«ከዚያ ወዲህ ከዚህ በላይ አልወጣሁም» አሉ። «መንገዱን ግን አልረሳሁትም። ደብተርሽ ላይ ስንት ናችሁ?»

«ሰባት።»

«ስምንት በይው። ቁጥር አንዱ እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት፣ ሚዛን ተፈሪ

ስንመለስ ገመዱ ሞተሩ ላይ ታስሮ፣ እኔ ባለሞተሩ ላይ ተጣብቄ ሸኮ ደረስን። ከዚያ ሚኒባስ። ከተማው እንደተውነው ነው፤ ሙዝ፣ ባጃጅ፣ አቧራ። ጓደኞቻችን ውሳኔውን ሊሰሙ ሱቄ በረንዳ ላይ ተኮልኩለዋል። በሱቄና በመንገዱ መካከል ቦይ አለ፤ መሻገሪያው አንዲት ሳንቃ ናት። ሳንቃዋን ስረግጥ ደረጀ ከበረንዳው ጥግ አየኝና አላስችል ብሎት ጮኸ።

«ዘነቡ! ምን አሉ?»

አልዞርኩም። ተሻገርኩ። ሁለቱ እግሮቼ መሬት ከያዙ በኋላ ወደ እሱ ዞርኩና ስምንት ጣቶቼን አነሳሁለት።